ጥያቄና መልስ፦ የፋብሪካ ጋቢና ወይስ እዚሁ የተሠራ?

ጥያቄ (ከሱሉልታ)

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሱሉልታ የወተት ላሞች አሉኝ፤ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ድርቆሽ አሳጭጄ እሸጣለሁ። እስከ ዛሬ የምሠራው በኪራይ ትራክተር ነበር። አሁን በብድር የራሴን ትንሽ ትራክተር ልገዛ ነው፤ 35 ፈረስ ጉልበት አካባቢ። አስመጪው ሁለት አሳየኝ። አንደኛው ክፍት ነው፤ ከመቀመጫው ጀርባ የሚታጠፍ ቅስት ብረት ብቻ አለው። ሁለተኛው ጋቢናው ከፋብሪካ ተገጥሞለት የመጣ ነው፤ ኤሲ ሳይቀር አለው። ልዩነታቸው የአራት ጥሩ ላም ዋጋ ነው። አንድ ብረታ ብረት ቤት ደግሞ «ክፍቱን ግዢ፤ ቅስቱን ቆርጠን በቱቦላሬና በላሜራ ያማረ ጋቢና እንሠራልሻለን፤ ከአንድ ላም ዋጋ አያልፍም» አሉኝ። የሚነዳው የእህቴ ልጅ ነው። በክረምት ለጎረቤት በኪራይ እያረሰ ብድሩን እንድንከፍል አስበናል። የበረቴ በር ዝቅ ያለ መሆኑንም ልንገርዎት። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ

እህቴ፣ ከዋጋው በፊት ስለ ቅስቱ እንነጋገር። እሱን አያስቆርጡ። አንድ ላም ሳይሆን አሥር ላም ቢተርፍዎትም አያስቆርጡ።

ብረታ ብረት ቤቱ ክፉ አስበው አይመስለኝም። ለጋቢና ሠሪ ያ ቅስት መሐል ላይ የቆመ እንቅፋት ነው፤ ጣራ ለማልበስም፣ በር ለማውጣትም አይመችም። ግን ቅስቱ የቆመው ለአንድ ቀን ነው፤ ትራክተሩ ለሚገለበጥበት ቀን። ያ ቀን ደግሞ ዳገት ላይ ብቻ አይመጣም። የሱሉልታን ሜዳ ነሐሴ ላይ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የኋላው ጎማ ዋልካ ውስጥ ይቀረቀራል። ልጁ የመጎተቻ ሰንሰለቱን ትራክተሩ ላይ ከፍ ካለ ቦታ ያስርና ነዳጅ ይሰጣል። ጎማው መዞር ሲያቅተው ትራክተሩ ራሱ በጎማው ዙሪያ መዞር ይጀምራል፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይነሣል። በጀርባው ለመተኛት አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ፍሪሲዮን ልርገጥ ብሎ ለማሰብ እንኳ ጊዜ የለም።

ለዚህ ነው ስዊድን ገና በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ ትራክተር ያለ መገልበጥ መከላከያ እንዳይሸጥ ያዘዘችው። ሌሎቹም ተከተሉ። ቅስቱ ቆሞ፣ አሽከርካሪው ቀበቶውን ካሰረ፣ በመገልበጥ የሚመጣ ሞት ከሞላ ጎደል ይቀራል፤ በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች ዘንድ የሚጠቀሰው ቁጥር 99 በመቶ ነው። ቀበቶው ከሌለ ግን ልጁ ከመቀመጫው ይወረወርና ያው ቅስት ራሱ ላዩ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሁለቱ አይነጣጠሉም።

ያ ብረት ዝም ብሎ የታጠፈ ቱቦ አይደለም። አምራቹ ለዚያ ሞዴል ክብደት ሠርቶ፣ ከኋላ ገፍቶ፣ ከጎን ገፍቶ፣ ከላይ ተጭኖ የፈተነው ነው። እግሩ አጠገብ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ወይም ተለጣፊ ይፈልጉ። የትራክተሩ ሞዴልና የተፈተነበት ደረጃ ተጽፎበታል። የታሰረባቸውን ብሎኖች ጭንቅላትም ይዩ፤ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ይኖራቸዋል፤ የጥንካሬያቸው ምልክት ነው። ቅስቱን ቆርጦ መበየድ ብቻ ሳይሆን ለመብራት ማሰሪያ ብሎ በድሪል መብሳትም ክልክል ነው። የብየዳው እሳት ብረቱን ይለውጠዋል፤ ቀዳዳው ደግሞ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል። ቱቦላሬ ጥሩ የግቢ በር ይወጣዋል፣ ጥሩ የመስኮት ፍርግርግም ይወጣዋል። ከአንድ ቶን በላይ ሲወድቅበት ምን እንደሚሆን ግን ማንም ፈትኖ አላየውም።

«ቅስቱን ሳንነካ ዙሪያውን በላሜራ እንሸፍነው» ቢሉዎትስ? ያኔ የሞት ነገር ይቀንሳል፤ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ድምፅ።

የፋብሪካ ጋቢና በትራክተሩ አካል ላይ በቀጥታ አይቀመጥም። ከሥሩ ወፋፍራም ጎሚኒ አለ፤ የሞተሩን መንቀጥቀጥ ይውጠዋል። ወለሉና ጣራው ድምፅ በሚያፍን ነገር ተለብጠዋል። ላሜራ ግን በብሎን በቀጥታ ከትራክተሩ አካል ጋር ሲታሰር ከበሮ ይሆናል። እንግሊዞች ይህን አይተውታል። በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ ትራክተር ሁሉ የመገልበጥ መከላከያ ይኑረው አሉ፤ ብዙ አምራቾችም በቆርቆሮና በመስታወት የተዘጋ ሣጥን ጫኑበት። ገበሬው ከመገልበጥ ዳነ፤ ጆሮው ግን ተጎዳ። ስለዚህ በ1976 እ.ኤ.አ. ሌላ ሕግ መጣ፤ በጋቢና ውስጥ ያለው ድምፅ ከ90 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) እንዳያልፍ። ዛሬ የሚመከረው ደግሞ ከዚያ ዝቅ ያለ ነው፤ ለ8 ሰዓት ሥራ 85 ዴሲቤል። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። ክፍት ትራክተር ጭነት ላይ ሲሆን 90ን በቀላሉ ያልፋል። በላሜራ ሲዘጋ ሊብስ ይችላል። የእህትዎ ልጅ ወጣት ነው። ዛሬ አያማርርም፤ ጆሮው መክበዱን የምታውቁት በኋላ ነው።

ሣጥኑ ሌላም ነገር ያመጣል። ክብደቱ ሁሉ ከላይ ነው፤ ትንሽ ትራክተር ደግሞ ከላይ ሲከብድ ተዳፋት ላይ ቶሎ ይዘማል። መስታወቱንም ይጠይቁ። የቤት መስኮት መስታወት የሚገጥሙ አሉ፤ ሲሰበር እንደ ቢላዋ ነው የሚወርደው። የመኪና የጎን መስታወት ሲሰበር ይፈረፍራል እንጂ እንደዚያ አይቆርጥም። በላስቲክ መስታወት ከተሠራ ደግሞ የድርቆሽ አቧራ በደረቅ ጨርቅ በተጠረገ ቁጥር ይጫጫራል፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ፀሐይ ሲዞሩ ምንም አያሳይም።

ለየሞዴሉ ተለክቶ ውጭ አገር የሚሠራ፣ ኋላ የሚገጠም ጋቢናም አለ። እሱ ከላሜራው በብዙ ይሻላል፤ ቅስቱን ሳይነካ ዙሪያውን ይታሰራል። ግን እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከዝናብና ከነፋስ መከለያ እንጂ የመገልበጥ መከላከያ አይደለም፤ ያንን ሥራ የሚሠራው ከውስጥ ያለው ቅስት ነው። ያዝዛሉ፣ ያስጭናሉ፣ የሚገጥም ሰው ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ ከደመሩ ከፋብሪካው ጋር ያለው ልዩነት እርስዎ እንዳሰቡት ሰፊ አይሆንም።

አሁን የበረቱን በር። ክፍቱ ቅስቱ ስለሚታጠፍ ይገባል፣ የፋብሪካው አይገባም ብለው እንዳሰቡ ገብቶኛል። ልክ ነዎት፤ ጋቢና ያለው ትንሽ ትራክተር ከ2 ሜትር በላይ ይቆማል፤ አይታጠፍም። ግን ክፍቱንም ጣራ ካለበሱት ቅስቱ መታጠፉ ያበቃል፤ ጣራው የሚታሰረው እሱ ላይ ነውና። ስለዚህ በላሜራም ሆነ በሸራ ከተሸፈነ በሩ ያው ዝቅ ብሎ ይጠብቀዎታል። በሩን ከፍ ማድረግ የአንድ አናጺ ሥራ ነው። ሜትር ይዘው ይሂዱና ትራክተሩን እስከ ጣራው ጫፍ ይለኩት፤ የጭስ ማውጫውንም አይርሱ። ክፍቱን ገዝተው ቅስቱን አጥፎ የሚገባ ከሆነ ደግሞ አንድ ደንብ አለ፦ ቅስቱ ታጥፎ ሳለ ቀበቶ አይታሰርም፤ ከበረት እንደወጣ ቅስቱ ይቆማል፣ ቀበቶው ይታሰራል። ታጥፎ ሜዳ የወጣ ቅስት እንደሌለ ይቆጠራል።

ኤሲው ላይ ልቆጥብዎት የምችለው ነገር አለ። የእርስዎ አገር ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 35 ፈረስ ተብሎ የተሸጠልዎት ሱሉልታ ላይ 26 ገደማ ቢሆን ነው። ኤሲ ሲበራ ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ብርድና ውርጭ ባለበት አገር የምትፈልጉት ማሞቂያውን ነው፤ እሱ የሚሠራው በሞተሩ ሙቅ ውኃ ስለሆነ ጉልበት አይበላም ማለት ይቻላል። አስመጪው ያለ ኤሲ ጋቢና ያለው ካቀረበልዎት ይውሰዱት። ከሌለው፣ ሲያርስ ኤሲው ይጥፋ፣ መስኮት ይከፈት። ከቻሉ ደግሞ ቱርቦ ያለውን ይጠይቁ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በኪራይ ማረሱ እውን ከሆነ፣ ልጁም ከጠዋት እስከ ማታ እላዩ ላይ የሚውል ከሆነ፣ የፋብሪካውን ይግዙ። አራት ላም ትልቅ ገንዘብ ነው፤ አላቃልለውም። ግን ሐምሌ ላይ ዝናብ እየወረደበት የሚያርስ ልጅ አንድ ሰዓት ሠርቶ ይወርዳል፤ ጋቢና ውስጥ ያለው ይቀጥላል። ብድር የሚከፈለው በዚያ ነው። ገንዘቡ ከየትም አልሞላ ካለ ክፍቱን ይግዙ፤ ቅስቱ እንዳለ ይቁም፤ ከላይ ጣራ፣ ከጎን የሚጠቀለል ሸራ ያሠሩ። ሸራ ሰፊ መርካቶ ሞልቷል። ሳይበሱ፣ ሳይበይዱ፣ በሚያቅፍ ማሰሪያ ብቻ ይታሰር። ሸራው አቧራ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ ለልጁ የጆሮ መከላከያና ደህና ማስክ ይግዙለት። የማልቀበለው መሐከለኛውን ነው፤ የላሜራውን ሣጥን። እንደ ፋብሪካው አይጠብቅም፣ እንደ ክፍቱም አይረክስም።

ወደ አስመጪው ሲሄዱ ልጁን ይዘው ይሂዱ። የሚቀመጥበት እሱ ነው። ሞተሩ ፒቲኦው (ከኋላ የሚታሰረውን መሣሪያ የሚያዞረው ዘንግ) በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞርበት ፍጥነት ላይ ይድረስ፣ በሩ ይዘጋ። እርስዎ ውስጥ ሆነው በተለመደው ድምፅዎ ያናግሩት፤ መስማቱን ያዩታል። መዳፍዎን ጣራው ላይ ያሳርፉ። እጅዎን ከነዘረው፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው እሱን ነው። ልጁ ዞሮ ከኋላ ማረሻው የሚታሰርባቸውን ሁለቱን ክንዶች ጫፍ ሳይነሣ ማየት መቻል አለበት። የጋቢና ምሰሶ የሚከልልበት ከሆነ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ሲያጣምም ይውላል። አመሻሽ ላይ ከሆነ ደግሞ ባትሪ አብርተው ውስጥ ያስቀምጡና በሩን ዘግተው ከውጭ ይዙሩት። ብርሃን የሚወጣበት ቀዳዳ ሁሉ አቧራ የሚገባበት ነው፤ በፔዳሎቹ ሥር በደንብ ይዩ። በመጨረሻም የመስታወቱን ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የበሩ መስታወት ቢሰበር እዚህ መጋዘን አለ ወይስ ይታዘዛል? ሶማሌ ተራ የመኪና መስታወት ያገኛሉ፤ የትንሽ ትራክተር በር መስታወት ግን ተዘዋውረው ላያገኙ ይችላሉ።

ጥያቄ (ከሰበታ)

ጋቢና ባለው ትራክተር ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ ፀረ ተባይ እረጫለሁ። በሩ ከተዘጋ ማስክ ማድረግ የግድ ነው?

መልስ

ወንድሜ፣ በሩ መዘጋቱ ብቻ አይበቃም። በአውሮፓ ደረጃ ጋቢናዎች በ4 ይከፈላሉ። 1ኛው ምንም አያጣራም። 2ኛው አቧራ ያስቀራል። 3ኛው አቧራና የርጭቱን ጤዛ ያስቀራል። የመድኃኒቱን ትነት የሚያስቀረው 4ኛው ብቻ ነው፤ እሱም የከሰል ማጣሪያ ሲኖረውና ከውስጥ ያለው አየር ወደ ውጭ ሲገፋ ነው። በትንንሽ ትራክተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የአቧራ ማጣሪያ ነው። የትራክተርህን መመሪያ ገልጠህ ምድቡን እይ። 4 የሚል ካላየህ፣ ማስክህን ከነጓንቲው አድርግ፤ የመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ማስክ። ነፋሱ ወደ አንተ ሲዞር ርጭቱን አቁም። የረጨህበትን ልብስና ቦት ጫማ ይዘህ ጋቢና አትግባ፤ ወንበሩ ጨርቅ ከሆነ መድኃኒቱን ጠጥቶ ይይዘዋል፣ በማግስቱ ደግሞ ዘግተኸው ስትውል አንተው ትተነፍሰዋለህ።