ልጆቹ ይሳሉ፣ ይተርኩ፤ ጽሑፉን እኛ እንያዝላቸው

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በየከተማው ያሉ የሐበሻ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ለልጆች የድርሰትና የሥዕል ወርክሾፕ ያሰናዳሉ። በዚህ ሥራ ዓመታት ቆይቻለሁና አዘጋጆችንም ወላጆችንም አንድ ነገር ልለምን፦ ወርክሾፑን የፊደል ክፍል አታድርጉት።

ውጭ ያደጉ ብዙ ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ፤ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ፣ በስዊድንኛ ወይም በዕብራይስጥ ይሰጣሉ። እንዲህ ላለ ልጅ የፊደል ገበታ ዘርግቶ «በል ድርሰት ጻፍ» ማለት አፉን መዝጋት ነው። መጀመሪያ ይሳል። ከዚያ ሥዕሉን እያሳየ በአፉ ይንገራችሁ፤ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ይጻፍለት። አያ ጅቦ ፒዛ አዘዘ ካለ፣ ፒዛ ተብሎ ይጻፍ። «እናቴ መጣ» ቢላችሁም ትረካውን አታቋርጡ። ኋላ ስታነቡለት «እናቴ መጣች» በሉ፤ ጆሮው ይይዘዋል።

ሥዕሉን ስታስተምሩ ደግሞ ከቤታችሁ ጀምሩ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙውን ጊዜ በ44 ተከታታይ ሥዕሎች የሚተርከው ሸራ በስንቶቻችሁ ሳሎን ተሰቅሏል! አውርዱትና ወለል ላይ ዘርጉት። ልክ እንደ ጽሑፍ ከላይ፣ ከግራ ተነሥቶ ይነበባል። ኮሚክ የለመዱ ልጆች ማንም ሳያስረዳቸው ይከተሉታል፤ የአገራቸው ሠዓሊዎች በሥዕል ታሪክ ሲናገሩ እንደኖሩም በዓይናቸው ያያሉ። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጋጎቹ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎቹ ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን እንደሚሳሉ ንገሯቸው። ይህን የሰማ ልጅ ገጸ ባሕርዩ ደግ ይሁን ክፉ ሳይወስን እርሳስ አያነሣም፤ ያ ውሳኔ ራሱ የድርሰት ትምህርት ነው።

ለመጽሐፉ አንድ ኤ4 ወረቀት ይበቃል። ስምንት እኩል ቦታ እንዲወጣው ሦስት ጊዜ አጥፉት፣ መሃሉን በመቀስ ሰንጥቁት፤ ያለ ሙጫና ያለ ስቴፕለር ባለ 8 ገጽ መጽሐፍ ይሆናል። የፊትና የኋላ ሽፋኑ ሲቀነስ 6 ገጽ ይቀራል፦ ማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ከለከለው፣ ምን አደረገ፣ ምን ገጠመው፣ እንዴት አለቀ። ለሰባት ዓመት ልጅ ከዚህ የረዘመ አያስፈልግም።

አገር ቤት ያሉ አያቶችንም አስገቧቸው። በአሜሪካ የበጋ ወራት፣ በሐበሻ ሰዓት አቆጣጠር ዋሽንግተን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ነውና በቴሌግራም ቪዲዮ ማገናኘት ይቻላል። አያት «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ይበሉ፤ ተረቱን ከሰሙ በኋላ መጨረሻውን እንደ ፈለጉ ይለውጡት። አንዳንድ ወላጆች «ተረቱ ተበላሸ» ብለው ሲቆጡ አይቻለሁ። ግድ የለም፣ ይለውጡት።

ቦታ ካጣችሁ የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ የስብሰባ ክፍል በነፃ ይሰጣሉ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ ነበር የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ እጥረት ያስቆጫቸው፤ ቁጭቱም እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ፣ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት አስከፍቷቸዋል። የእናንተ ልጆች የሠሯቸውን መጻሕፍትም ለሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች አሳዩ፤ የሚታዩበት መደርደሪያም ጠይቁ።

አንደኛ፣ ሁለተኛ እያላችሁ ግን አታወዳድሯቸው። እያንዳንዱን መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አድርጉና አንዱን ለልጁ፣ አንዱን ለአያቶቹ ስጡ።