ከመዝሙር ክፍል ብወጣ እግዚአብሔርን ተውኩት ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉልን? በሰንበት ትምህርት ቤታችን መዝሙር ክፍል ማገልገል ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ የጥናት ቀን እስኪደርስ እጓጓ ነበር። አሁን ረቡዕና ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይጨንቀኛል። አፌ ይዘምራል፣ ልቤ ግን የለም። ከአንዳንድ ልጆችም ጋር አልስማማም። ልውጣ ብዬ ለኃላፊያችን ብነግረው «ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ የሚመለከት ለእግዚአብሔር መንግሥት የተገባ አይደለም» አለኝ። ፈራሁ። ብወጣ እቀሠፋለሁ? ልውጣ ብልስ እንዴት ነው የምወጣው?

መልስ፦ እኅቴ፣ በቅድሚያ ፍርሃቱን ከላይሽ እናውርደው። ከመዝሙር ክፍል ስለወጣሽ አትቀሠፊም። ይህን ካልን በኋላ ተረጋግተን እንነጋገር።

ያንቺን ጥያቄ ከብዙ ወጣቶች ሰምቼዋለሁ። ከሥሩ ያለው ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ክፍሉንና ቤተ ክርስቲያንን አንድ ማድረግ። አንዷ ክፍሉን ብተው እግዚአብሔርን ተውኩ ብላ ፈርታ ትቀራለች። በየጥናቱ እያኮረፈች፣ ሌላውን እየታዘበች ዓመታት ታሳልፋለች። ሌላው ደግሞ ይወጣል። ሲወጣ ግን ቅዳሴውንም፣ ጉባኤውንም፣ ንስሐ አባቱንም ጥሎ ነው የሚሄደው። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ይኼኛው ነው። ለዓመታት ከበሮ ሲመታ የኖረ ልጅ ዛሬ ለጥምቀት ብቻ ብቅ ሲል አያለሁ። ምነው ጠፋህ ስለው «ወጣሁ እኮ መምህር» ይለኛል። ከየት ነው የወጣኸው? የወጣኸው ከአንድ ክፍል ነው። ቤቱ እኮ አሁንም ያንተ ነው።

ኃላፊያችሁ የጠቀሰልሽ ቃል እውነተኛ ነው፤ የጠቀሰበት ቦታ ግን ትክክል አይደለም። ጌታችን ይህን የተናገረው «ልከተልህ፣ ግን አስቀድሜ...» ላለው ሰው ነው (ሉቃ. 9፥61-62)። ነገሩ ክርስቶስን ስለመከተል ነው፤ በአገልግሎት ምድብ ስለመቆየት አይደለም። ለኃላፊዎችም አንድ ነገር ልበል፦ ሰው ሲጎድልባችሁ እንደምትቸገሩ አውቃለሁ። ቢሆንም የወንጌልን ቃል የአባል ማስፈራሪያ አታድርጉት። በፍርሃት የቆየ ዘማሪ ለእናንተም አይጠቅማችሁም።

እግዚአብሔር ራሱ ለሌዋውያን የአገልግሎት ዘመን ወስኖላቸው ነበር። 50 ዓመት ሲሞላቸው ከሥራው ያርፋሉ፤ በመገናኛው ድንኳን ወንድሞቻቸውን መርዳት ግን አይተዉም (ዘኍ. 8፥25-26)። ሥራው ይለቀቃል፣ ቤቱ አይለቀቅም።

ቅዱስ ያሬድን ደግሞ እይ። ዘማሪ ሁሉ አባቴ ይለዋል። ታሪኩን ስንተርክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትሏ ዛፍ ላይ ስትወጣ ያየባት ቦታ ላይ እናቆማለን። መጨረሻውን የሚያነሣው ጥቂት ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ለሁለቱም አልታወቃቸውም። ንጉሡ ደሙን ሲያይ ደነገጠ፤ «የፈለግኸውን ጠይቀኝ» አለው። ያሬድ እንዳይከለክለው አስቀድሞ አስማለው። ከዚያ የጠየቀው ወርቅ ወይም ሹመት አልነበረም። «ልመንን፣ አሰናብተኝ» አለ። ንጉሡ እጅግ አዘነ፤ ምን ያድርግ፣ መሐላው ያዘው። ያሬድም በታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ አንቀጸ ብርሃን የተባለውን የእመቤታችንን ምስጋና ደርሶ ተሰናበተና ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። ግንቦት 11 ቀን በስንክሳር የምንሰማው ይህን ነው።

«እሱ የሄደው ዜማው ሰልችቶት አይደለም፣ የኔ ይለያል» ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ፣ ይለያል። እኔ የማሳይሽ አወጣጡን ነው። ተደብቆ አልጠፋም፤ ፈቃድ ጠየቀ። መሄዱ ያሳዘነውን ሰው ፊት ለፊት ተሰናበተው። የመጨረሻ ሥራውም ምስጋና ነበር። የአክሱምን ካህናት አምቶ፣ በር አላትሞ አልወጣም።

አሁን ወደ ልብሽ እንምጣ። ደስታው መጥፋቱ ብቻውን ለመውጣት ምክንያት አይሆንም። መዝሙር ጸሎት ነው፤ ጸሎት ደግሞ ሁልጊዜ አይጣፍጥም። እየደረቀበትም የቆመ ሰው ግብዝ አይባልም። ስለዚህ ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ፦ የሰለቸሽ ጥናቱ ነው ወይስ ጸሎቱም ጭምር? ቤትሽ ውስጥ ዳዊት መድገሙ፣ ቅዳሴ መቆሙ፣ መቁረቡ እንደ ድሮው ከሆነና ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ ከከበደሽ፣ የደከመሽ ፕሮግራሙ ወይም ሁኔታው ነው። ይህ በመውጣት ወይም በማረፍ ይቃለላል። ጸሎቱም ቅዳሴውም ከቀዘቀዘብሽ ግን ችግሩ መዝሙር ክፍሉ አይደለም። ብትወጪም ይከተልሻል። ያኔ የሚያስፈልግሽ ንስሐ አባትሽ ፊት ቀርቦ ማውራት ነው።

ደግሞ ለጥምቀት ወይም ለትንሣኤ ዝግጅት ስትሯሯጪ ከርመሽ በደከመሽ ሰሞን አትወስኚ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው መውጣት ያምረዋል።

«ከአንዳንድ ልጆች ጋር አልስማማም» ብለሽ በአንድ መስመር ያለፍሽውን ግን እኔ አላልፈውም። ብዙ ጊዜ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ማን ማይክ ያዘ፣ ማን ፊት ቆመ፣ የማን ድምፅ ተቀረጸ... ይህ በየደብሩ አለ። ጠብ ካለ ከመውጣትሽ በፊት ታረቂ። መባውን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የተባለው ለዘማሪም ነው (ማቴ. 5፥23-24)። ታርቀሽ ብትወጪ ማንም አይወቅስሽም።

ታርቆም አብሮ መሥራት የማይቻልበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት ተለያይተዋል (ሐዋ. 15፥37-40)። ማርቆስ ጵንፍልያ ላይ ሥራውን ትቶ ተመልሶ ነበርና ጳውሎስ ዳግመኛ ይዞት መሄድ አልፈለገም። ይሁንና ያው ጳውሎስ በኋላ ስለ ማርቆስ «ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛል» ብሎ ጻፈ (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። በ1951 ዓ.ም. የራሳችንን ፓትርያርክ እስክናገኝ ድረስ አባቶችን ይልክልን የነበረው የእስክንድርያ መንበር የዚያ ትቶ የተመለሰው ወጣት መንበር ነው።

እንግዲህ ልውጣ ካልሽ መጀመሪያ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ቀጥሎ ኃላፊውን በአካል አግኚው። እውነቱን ንገሪው። ሥራ ሳይበዛብሽ «ሥራ በዛብኝ» አትበይ፤ ውሸት ይዞ ከአገልግሎት መሰናበት አያምርም። ለቀረበ በዓል የተመደብሽበት ወረብ ወይም መዝሙር ካለ ጨርሺው። የመዝሙር ልብሱን አጥበሽ፣ ጥራዙንም ጨምረሽ መልሺ። ታናናሾችን የምታስጠኚ ከሆነ ለሚተካሽ አስረክቢ። እኩለ ሌሊት ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ረጅም ወቀሳ ለጥፎ ሌፍት ማለት የለም! ሰው አስከትለሽም እንዳትወጪ። ካኮረፉት ጋር ተሰብስቦ ሌላ ማኅበር ማቋቋም የለመድነው በሽታ ነው፤ በዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ።

ከወጣሽ በኋላ ያሉት ጥቂት እሑዶች ይከብዱሻል። ጓደኞችሽ ፊት ቆመው ሲያሸበሽቡ አንቺ ከምእመናኑ መሐል ትሆኛለሽ። የት ልቁም እያልሽ ትቸገሪያለሽ። እዚያው ቁሚ፤ ተሰጥዎውን ከሕዝቡ ጋር መልሺ። በጥናትና በሩጫ መሐል ቅዳሴን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ረጋ ብሎ መስማት ያቃተው ዘማሪ ብዙ ነው። ወዲያው ሌላ ክፍል ልግባ ብለሽም አትቸኩይ። ሕፃናት የሚያስተምር ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል፤ አርፈሽ ትደርሺበታለሽ።

አንድ ያልነገርሽኝ ነገር ሊኖር ይችላል። ምናልባት ታመሽ ወይም ተጨንቀሽ ሳለ «ይህን ያህል ዓመት በመዝሙር አገለግላለሁ» ብለሽ ተስለሽ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ስእለትን እኔ በጽሑፍ አልፈታልሽም፤ ኃላፊሽም አይፈታልሽም። እሱን ይዘሽ ንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂ፤ እሳቸው የሚሉሽን እስክትሰሚ ድረስ ጥናትሽን አታቋርጪ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።