መልስ፦ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ አዲስ አበባንና ሐይቅ ዳርን በ6 ቀን

ለልጆቹ ሁለቱንም ማሳየት ይቻላል ወይ ላልሽው፣ በደንብ ይቻላል። ላንጋኖ ሐይቅን አስቀድሚ፣ አዲስ አበባን ለመመለሻ አቆዪው።

1. የመጀመሪያውን ቀን አዲስ አበባ ገብታችሁ እደሩ። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሌላ ነገር አታስቡ።

2. በማግስቱ በጠዋት ላንጋኖ። ሁለት ሌሊት እደሩ፤ ቅዳሜና እሁድ ባይሆን ይሻላል፣ ሰው ይበዛል። ውኃው ቡናማ ነው፣ አትደንግጪ። በቅርባችን ያለውን ጣናን ትቼ ላንጋኖ ያልኩሽ፣ ጣናችንን ብወደውም በቢልሃርዝያ ምክንያት ልጆቼን ስለማላስዋኝበት ነው።

3. ስትመለሱ አንድ ሙሉ ቀን ለአዲስ፤ ጠዋት ብሔራዊ ሙዚየም፣ ድንቅነሽን እዩ። ከሰዓት አንድነት ፓርክ።

አደራ፣ ከደጀን በፊት ለልጆቹ ወተት እንዳትሰጪ። የዓባይን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንጀምር ትንሿ ልጄ ቀሚሴ ላይ አስመለሰች። አሁን ደረቅ ዳቦ ብቻ አበላለሁ፤ ሎሚና ፌስታል ከእጄ አይለይም።