ሶቶ ሄደ፤ ማን መጣ? የአንባቢዎች የቤዝቦል ዝውውር ጥያቄዎች

ሜዳው ባዶ በሚሆንበት በብርዱ ወቅት የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊ ሥራው መከራከር ነው። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የኮከብ መቺያችን የሁዋን ሶቶ መሄድ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እርስዎ ክለቡን ይቅር ብለዋል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በሶቶ ጉዳይ ክለቡ የበደለን አይመስለኝም። በ2022 ለ15 ዓመታት 440 ሚሊዮን ዶላር ቢቀርብለት አሻፈረኝ አለ። ውሉ አልቆ በነጻ እስኪሄድ ከመጠበቅ፣ በዚያው ዓመት ወደ ሳንዲያጎ ተልኮ በምትኩ ሲ.ጄ. ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎርና ጄምስ ዉድን የመሳሰሉ ወጣቶች መጡ። ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ዉድ በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጠዋል። ሶቶም አልተጎዳም፤ በ2024 መጨረሻ ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር በ765 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። እኔን የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ባለቤቶቹ ለወጣቶቹ አጋዥ የሚሆኑ ነባር ተጫዋቾችን ለመግዛት እጃቸው አጠረ፤ በ2025 ቡድኑ 96 ጊዜ ተሸነፈ።

ጥያቄ፦ በእግር ኳስ ተጫዋቹ ካልተስማማ ዝውውር የለም። ቤዝቦል ውስጥ ሰውን ሳይጠይቁ እንዴት ይለዋውጡታል? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ውሉ የክለቡ ንብረት ስለሆነ ነው። ሆኖም በሊጉ 10 ዓመት ያገለገለና የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ክለብ ያሳለፈ ተጫዋች አልሄድም የማለት መብት አለው። ኳስ ወርዋሪያችን የነበረው ማክስ ሸርዘር በ2021 ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ የሄደው ተስማምቶ ነው። ይህን መብት በውሉ ያላስጻፈ ሌላው ግን ሻንጣውን ይሸክፋል።

ጥያቄ፦ የዶጀርሱ ሾሄ ኦታኒ ከ700 ሚሊዮን ዶላሩ 680ውን ከ10 ዓመት በኋላ ይቀበላል። ይህ ማጭበርበር አይደለም?

መልስ፦ ደንቡ ይፈቅዳል። የቆየው ገንዘብ የዛሬ ዋጋው ስለሚያንስ፣ ለደመወዝ ጣሪያው ቅጣት (ክለቦች ከተወሰነ መጠን በላይ ደመወዝ ሲያወጡ ለሚከፍሉት) ሲሰላ በዓመት 46 ሚሊዮን ገደማ ይያዝበታል። ዶጀርስን ከመውቀሳችን በፊት ግን የራሳችንን ቤት እንይ። ከሸርዘር 210 ሚሊዮን ግማሹ እንዲዘገይ ተስማምተን፣ እሱ በሌላ ክለብ ማሊያ ሲወረውር እኛ በየዓመቱ 15 ሚሊዮን እየከፈልን እስከ 2028 እንዘልቃለን። ያም ሆኖ ዛሬም ያንኑ ውል ቢያቀርቡልኝ ዓይኔን ሳላሽ እፈርማለሁ፤ ሁለት የሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ) ሽልማትና አንድ ዋንጫ ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ ከክለባችን ውሎች ሁሉ የከፋው የቱ ነው?

መልስ፦ የወርዋሪው የስቴፈን ስትራስበርግ። ሰውየውን መውቀሴ አይደለም። በ2019 የወርልድ ሲሪየስ (የፍጻሜ ግጥሚያዎቹ) ስድስተኛ ጨዋታ፣ ሂውስተን ላይ እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ድረስ ሲወረውር ያየ ሰው አይረሳውም። የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ የዋንጫው ደስታ ሳይበርድ ለ7 ዓመታት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከዚያ በኋላ በድምሩ የወረወረው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። በአንገትና በትከሻ መካከል ነርቭና የደም ሥር የሚጨመቁበት ሕመም ክንዱን ነጠቀው። የተፈረመ ገንዘብ ደግሞ በጉዳት አይቀርም።

በዚያው ሳምንት መቺያችን አንቶኒ ሬንዶን በተመሳሳይ ዋጋና ዘመን ወደ ሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ክለብ ሄደ። በስድስተኛውም በሰባተኛውም ጨዋታ ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳ ውጭ የሚያወጣ ምት) የመታልን ሰው ነውና እንዴት ተለቀቀ ብለን ጮኸን ነበር። እዚያም በአንድም ዓመት 60 ጨዋታ አልሞላም። ክለቡ ከሁለቱ የትኛውንም ቢይዝ ገንዘቡ ይቀልጥ ነበር ማለት ነው። ክለቦች መጪዎቹን ዓመታት የገዙ እየመሰላቸው ያለፈውን ኦክቶበር (የፍጻሜ ጨዋታዎቹን ወር) ይገዛሉ።

ጥያቄ፦ የቀድሞው ኮከባችን ብራይስ ሃርፐር ይመለስልን ይሆን?

መልስ፦ አይመለስም። ከፊላደልፊያ ጋር ያለው የ13 ዓመት ውል እስከ 2031 ይዘልቃል፤ ያለ ፈቃዱም አይነካም። ደግሞስ ዋንጫውን ያነሳነው እሱ በሄደበት ዓመት አይደል?

ጥያቄ፦ እርስዎ ሥራ አስኪያጅ ቢሆኑ ማንን ይገዛሉ? (ከአርሊንግተን)

መልስ፦ ትልቅ ስም አልፈልግም። ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ውል ሁለት ነባር ወርዋሪዎችን አመጣለሁ፤ ቢጎዱም ዕዳቸው አብሮን አያረጅም። ስለ ጄምስ ዉድ የሚደውልልኝ ክለብ ካለ ስልኩን አላነሳም።