ውጤቱ ጥሩ ነው ማለት አልደከመም ማለት አይደለም

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ19 ዓመት ወንድምሽ ኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ) አለበት። ኤምአርአዩ (የአእምሮው ምስል) ላይ ብዙ ጠባሳ ታይቷል። የኮሌጅ ውጤቱ ግን አልወረደም። ሐኪሙ «አእምሮው እያካካሰ ነው» አሏችሁ። እንረጋጋ ወይስ እንስጋ ነው ያልሽው። እኔም ይኸው ሕመም እንዳለብኝ የተነገረኝ በ20 ዓመቴ ነው፤ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ተማሪ ነበርኩ። አሁን 32 ሆኖኛል።

ሐኪሙ ያሉት እውነት ነው። በኤምኤስ የሰውነት መከላከያ ራሱ የነርቮችን ሽፋን፣ ማየሊንን ያጠቃል። ሽፋኑ ሲላጥ ጠባሳ ይቀራል፣ መልእክቱም ይዘገያል። ወጣት አእምሮ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። አዲስ አበባ ዋናው መንገድ ሲዘጋ ታክሲው ውስጥ ለውስጥ ይዞሽ ሲሄድ አስቢ። መድረሱን ትደርሻለሽ። ግን ነዳጅ ይፈጃል።

በፈረንጆቹ 2002 ዓመት ኦስትሪያ፣ ሳልዝበርግ ውስጥ የወጣ ጥናት አለ። 21 ታማሚዎችና 21 ጤነኞች አንድ ዓይነት የትኩረት ፈተና እየሠሩ አእምሯቸው በኤምአርአይ ታየ። ውጤታቸው ተቀራራቢ ነበር። የታማሚዎቹ አእምሮ ግን እዚያ ለመድረስ የግንባር አካባቢውን ክፍል በተለየ መንገድ ያሠራ ነበር። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ክፍል ውስጥ ከጓደኞቼ እኩል እየመለስኩ ቤት ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ የምተኛው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ቤት ውስጥ «ሰነፈች» እባል ነበር። አንድ መምህሬም ተጨማሪ ሰዓት ስጠይቀው «ኤ እያመጣሽ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ።

ስለዚህ ወንድምሽን ስንት እንዳመጣ ብቻ አትጠይቂው። ካመጣ በኋላ እንዴት እንደሚውል ጠይቂው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነካው የማሰብ ፍጥነት ነው። እኔ ያወቅኩት ቡና ላይ ነው። ሦስት አክስቶቼ አንዴ ሲያወሩ፣ መልሴ አፌ ላይ እስኪደርስ ጨዋታው ሌላ ቦታ ሄዷል። ዝምተኛ ሆነች አሉኝ። ዝምተኛ አልሆንኩም፤ እየደረስኩ ነበር።

ይህን ፍጥነት የሚለካ አጭር ፈተና አለ፣ ኤስዲኤምቲ ይባላል። ዘጠኝ ምልክቶች ከ1 እስከ 9 ካሉት ቁጥሮች ጋር ተጣምረው ይቀርቡለታል። በ90 ሴኮንድ ውስጥ የቻለውን ያህል ምልክት ወደ ቁጥር ይቀይራል። አሁን ደህና ሳለ እንዲወስደው የነርቭ ሐኪሙን ጠይቁ። በየዓመቱ ሲደገም ከራሱ የዛሬ ውጤት ጋር ይነጻጸራል። ደግሞ በልቡ የሚቆጥረው በአማርኛ ከሆነ ይንገራቸው። እኔ በአማርኛ አስቤ በእንግሊዝኛ ስመልስ ሴኮንድ ይበላብኝ ነበር።

ዘመድ «ጭንቅላቱን አያድክም፣ ትምህርቱ ይቅርበት» ማለቱ አይቀርም። እባካችሁ እንዳትሰሙ። ኒው ጀርሲ ያለው የኬስለር ፋውንዴሽን ተመራማሪዎች ያገኙት ተቃራኒውን ነው። አእምሯቸው እኩል ከተጎዳ ሰዎች መካከል ብዙ የተማሩትና የሚያነቡት የተሻለ ይቋቋሙታል። ትምህርቱ ይቀጥል፣ ጭነቱ ግን ይቅለል። በየሴሚስተሩ አንድ ኮርስ መቀነስ ውርደት አይደለም። የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ቢሮ ሄዶ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት ያስጽፍ፤ ሳይወድቅ በፊት።

በጣም የምፈራው አንድ ነገር ነው። «ደህና ነኝ» ብሎ መድኃኒቱን እንዳያቆም። እኔ ለስድስት ወር አቁሜ ነበር፤ አገርሽቶብኝ አንድ ዓይኔ ለሳምንታት ደበዘዘ። ማካካሻው ገደብ አለው። ጠባሳው እየበዛ ሲሄድ የውስጥ ለውስጡም መንገድ ይዘጋል። መድኃኒቱ የሚያስፈልገው አዲስ ጠባሳ እንዳይጨመር ነው፣ ደህና በሆነበት ጊዜ ጭምር።

ቤት ውስጥ ደግሞ ቃል ሲጠፋበት አትጨርሱለት። እናቴ አሁን ስኒዋን ይዛ ዝም ብላ ትጠብቀኛለች፤ ቃሉም ይመጣል።