ጠያቂና መላሽ፦ ሐይቁ አጥሬ ሥር ደርሷል

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አባቴ ባቆየልኝ ቦታ ላይ አራት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ቦታውን ስረከብ ከአጥሩ እስከ ውሃው ድረስ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ነበር። አሁን ከክረምት መውጫ ጀምሮ ማዕበሉ የአጥሩን እግር እየመታ አፈሩን ይቦረቡራል፤ የሽንት ቤቱም ጉድጓድ ገና ሳይሞላ ውሃ ይታይበታል። አንድ ግንበኛ ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ ቀጥ አድርጌ ላቁምልህ ይለኛል። ብድር ከመጠየቄ በፊት ምን ትመክሩኛላችሁ?
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ብድሩን ለጊዜው ያቆዩት። የሚያስቸግርዎት ውሃ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ አንዱ ከፊት ለፊት በማዕበል የሚመጣው ሲሆን፣ ሌላው ከእግርዎ ሥር ወደ ላይ የሚወጣው ነው። ግንበኛው ያየው የፊተኛውን ብቻ ይመስለኛል፤ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ግን ስለ ሁለተኛው እየነገረዎት ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ በጥቁር ውሃ ወንዝና በዙሪያው ባሉ ጎርፎች ይሞላል እንጂ በምድር ላይ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ውሃው የሚቀንሰው በትነትና ወደ መሬት በመስረግ ብቻ ስለሆነ፣ ዝናብ የበዛባቸው ዓመታት ሲከታተሉ የአንዱ ዓመት ትርፍ በሌላው ላይ እየተደራረበ ሐይቁ ከፍ ይላል፤ ከፍ ካለም በኋላ ቶሎ አይመለስም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ወደ ከተማዋ የገፋበትን ጊዜ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችና ዓሣ አስጋሪዎች ዛሬም በአካባቢዎ አይጠፉም። ማንኛውንም ሥራ ከመጀመርዎ በፊት እነሱን ይዘው ውሃው ያኔ የደረሰበትን ቦታ ያስመልክቱ። ያ ምልክት ከወለልዎ በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ ግንቡ ምንም ያህል ቢረዝም መልስ አይሆንም፤ ምክንያቱም የስምጥ ሸለቆው አሸዋማና ቀላል አፈር ውሃን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ፣ ሐይቁ ከፍ ሲል ከግንቡ ጀርባ ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮት ከፍ ይላል። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ለዚህ ከባዱ ምሳሌ ነው። በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ሐይቅ በከርሰ ምድር ውሃ መጨመር ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቶ፣ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን ሳይቀር አስቸግሯል።

ወደ ግንቡ ልመለስ። ማዕበል ቀጥ ካለ ግንብ ጋር ሲጋጭ ጉልበቱ አይጠፋም፤ ግማሹ ወደ ላይ ይረጫል፣ ግማሹ ወደ ታች ተመልሶ የግንቡን መሠረት ይቆፍራል። በሁለት ወይም በሦስት ክረምት ውስጥ መሠረቱ ይራቆትና ግንቡ ወደ ሐይቁ ያዘነብላል። ማስተንፈሻ ቀዳዳ ከሌለውማ፣ ከጀርባው በዝናብ የራሰው አፈር ራሱ ገፍቶ ይጥለዋል። ሐይቁ በሚሸሽበት ወቅት እንዲህ የወደቁ ግንቦችን በየዳርቻው ማየት ይቻላል፤ ባለቤቶቻቸው ብዙ ጊዜ የሚወቅሱት ሲሚንቶውን ነው።

ከዚያ ይልቅ ዳርቻውን አንድ ሜትር ከፍ ሲል ቢያንስ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ እንዲተኛ አድርገው ያስተካክሉት። በተስተካከለው አፈር ላይ በመጀመሪያ ደቃቅ ጠጠር፣ ከዚያም ማዕበል የማያንቀሳቅሰው ማዕዘን ያለው ትልልቅ ድንጋይ ይደርደርበት። ብዙዎች ወጪ ለመቀነስ የሚዘሉት ጠጠሩን ነው፤ እሱ ከሌለ ግን አፈሩ በድንጋዮቹ መካከል ታጥቦ ይወጣና ድርድሩ ይሰምጣል። የታችኛው ረድፍ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ መቀበር ስላለበት፣ ሥራው ሐይቁ ዝቅ በሚልበት ጊዜ፣ ከበልግ ዝናብ በፊት ቢሠራ ይመረጣል። ከድንጋዩ ፊት ለፊት ያለውን ቄጠማና ፊላ «እይታ ይጋርዳል» ብለው አያስነቅሉ። ማዕበሉ ዳርቻው ላይ ከመድረሱ በፊት ጉልበቱን የሚያደክመው እሱ ነው፤ ለጀልባ መውጫ የሚሆን ጠባብ ክፍተት ይበቃዎታል።

ከታች የሚመጣውን ውሃ በተመለከተ የምመክረው ወደ ኋላ መሸሽን ነው። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ከግቢው ከፍተኛ ወደሆነው ጥግ ያዛውሩት፤ አሁን ባለበት ከቆየ ፍሳሹ እንግዶችዎ የሚዋኙበትን ሐይቅ ይበክላል። የመብራት ቆጣሪውንና ሶኬቶቹን ከፍ ያድርጉ፤ የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ሰብስበው ወደ ጎን ይልቀቁት። አዲስ ክፍል የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ወደ መንገዱ ያስጠጉት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ የውሃ አካላትን ዳርቻ ለመከለልና በተከለለው ዳርቻ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ግንባታን ለመከልከል እንደሚያስችል አይዘንጉ። ስለዚህ ለድንጋይ ድርድሩም ቢሆን አስቀድመው የከተማውን የመሬትና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር እኖራለሁ። ጎረቤቴ ውሃውን በአፈር ሞልቶ ግንብ ከሠራ ወዲህ፣ ግንቡ ካለቀበት ጀምሮ የእኔ የጓሮ አትክልት እየተሸረሸረ ነው። እኔም ግንብ ልሥራ?
(ወይዘሮ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እርስዎም ከሠሩ ጉዳቱ ወደ ቀጣዩ ጎረቤት ይሻገራል። በግንብ ጫፍ ላይ ማዕበል ስለሚጠማዘዝ በዚያ በኩል ያለው አፈር ከሁሉ በፊት ይበላል። ጣና ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ በመሆኑ ነፋስ ሰፊ ሜዳ ያገኝበታል፤ ስለዚህ ማዕበሉ ከትንንሽ ሐይቆች ይከብዳል። በቅድሚያ የተሸረሸረውን ቦታ ቀን እየጻፉ ፎቶ ያንሡ፤ ከተከሉት ችካል እስከ ውሃው ያለውንም ርቀት በየወሩ ይለኩ። ይህን ይዘው ከጎረቤትዎ ጋር፣ ካልሆነም በሽማግሌ ይነጋገሩ። ሊጠይቁ የሚገባው የግንቡ ጫፍ ወደ የብስ እንዲታጠፍና በተጋደመ ድንጋይ እየቀነሰ እንዲያልቅ ነው። ውሃ ውስጥ የተሞላው አፈር ግን የሁለታችሁ ብቻ ጉዳይ ስላልሆነ ቀበሌው ሊያውቀው ይገባል።

በእርስዎ በኩል ደንገል ይትከሉ። ጣና ዝቅ በሚልበት በግንቦትና በሰኔ ሥሩን ከነጭቃው አምጥተው ጥልቀት በሌለው ውሃ ዳር ቢያስይዙት፣ ሐይቁ በመስከረም ከፍ እስከሚል ድረስ ሥር ይሰዳል። ለታንኳ የሚያጭዱ ሰዎች ከመጡ አገዳውን እንዲቆርጡ ይፍቀዱላቸው፤ ሥሩን ግን አያስነኩ።