የሞተርሆም ስፒና ለምን ይቀልጣል? ጥያቄና መልስ

ሰመር ሲመጣ እዚህ አሜሪካ ያለን ብዙዎቻችን ቤተሰብ ጭነን በሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ እንደ ቤት በተሠራ መኪና፣ መውጣት ለምደናል። እኔ የምተዳደረው በኤሌክትሪክ ሥራ ነው። የራሴ አሮጌ ሞተርሆምም አለኝ። ሰሞኑን የቀለጠ ስፒና ፎቶ ለጥፌ ነበር፦ ባለ ሦስት እግር፣ አንዱ እግር እንደ ተቆላ ቡና የጠቆረ፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ያበጠ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላቋረጠም። እንደመጣ እመልሳለሁ። "ሳጥን" የምለው ካምፕ ውስጥ በየማቆሚያው የተተከለውን፣ መብራት የምንስብበትን ነው።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ጋሼ፣ ብሬከሩ ሳይወርድ ስፒና እንዴት ይቀልጣል? የብሬከር ሥራ ይሄን መከላከል አይደል?

አይደለም። ብሬከር የሚያየው ስንት አምፒር፣ ማለትም ምን ያህል መብራት፣ እንዳለፈ ነው። የ30 አምፒር ብሬከር 26 አምፒር ሲያልፍበት ዝም ይላል፤ ልክ ነው። ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የስፒናው እግርና ሶኬቱ ውስጥ ያለው ሞላ የሚነካኩበት ቦታ ላይ። ሞላው ከላላ ወይም እግሩ ከዛገ መብራቱ በጠባብ ነጥብ ተጨናንቆ ያልፋል። ሙቀቱ የሚፈጠረው እዚያች ነጥብ ላይ ነው። ብሬከሩ ይሄን የሚያይበት ዓይን የለውም።

እስቲ እናስላው። የላላው ንክኪ 0.05 ኦም ሬዚስታንስ (መብራቱን የሚያግድ ነገር) አለው እንበል። 28 አምፒር ሲያልፍበት 39 ዋት ሙቀት ይወጣል። ሬዲዮ ጠጋኝ የሚበይድበት መሣሪያም ብዙውን ጊዜ ከዚያ አይበልጥም። እሱን ስፒና ውስጥ ቀብረህ ሌሊቱን ሙሉ ስትተወው አስበው። አምፒሩን ወደ 14 ብታወርደው ግን ሙቀቱ 10 ዋት አይሞላም። አምፒር በግማሽ ሲቀንስ ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። ይሄን ያዝልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል።

ሀገር ቤት የምጣድ ስፒና ሲጠቁር ያላየ አለ? ያው በሽታ ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ምጣዴን ይዤ ልሄድ ነው። ልጆቼ "እማዬ፣ ታቃጥይናለሽ" ይሉኛል። እውነት ነው?

እናቴ፣ ምጣዱን ይዘው ይሂዱ። ግን ከኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ጋር አብረው አያብሩት። እዚህ የሚሸጠው ምጣድ አብዛኛው 1,500 ዋት አካባቢ ነው። በ120 ቮልት 12.5 አምፒር ማለት ነው። የጣሪያው ኤሲ ከ13 እስከ 15 አምፒር ይወስዳል። ሁለቱ ብቻ 27 ገደማ ገቡ። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ላይ ከሆነ ሌላ 12 ይጨምራል። ባለ 30 አምፒሩ ሞተርሆም በጠቅላላው የሚችለው 3,600 ዋት ነው። ሰዓታት ለሚቆይ ጭነት ደግሞ የኤሌክትሪክ ደንቡ 80 በመቶ ላይ እንድንቆም ይላል፤ ከ30ው 24 አምፒር መሆኑ ነው። እንጀራ ጋግሮ ለመጨረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ጠዋት ሳይሞቅ ኤሲውን አጥፍተው ይጋግሩ። ምጣዱንም በኤክስቴንሽን አይሰኩት፣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ።

ባለ 50ው ሌላ ዓለም ነው። አራት እግር አለው፣ ሁለት መስመር ያመጣል፣ በድምሩ 12,000 ዋት። እዚያ ላይ ምጣድ ምንም ማለት አይደለም።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ፎቶ ላይ ያለው ስፒና ያንተ ነው? ኤሌክትሪሺያን ሆነህ እንዴት አመለጠህ?

አዎ፣ የኔ ነው። ሳቁ፣ ይገባኛል።

ሐምሌ ነበር፣ ቴክሳስ። አመሻሽ ላይ ገባን፣ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ስሰካው ስፒናው ያለምንም ትግል ገባ። እጄ "ይሄ ላላ አለ" ብሎኛል። ልጆቹ ግን "ኤሲ፣ ኤሲ" እያሉ ነው፣ ተውኩት። ባለቤቴ ቡና ቆላች፣ ዕጣንም ጨሰ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የተቃጠለ ዓሣ የሚመስል ሽታ መጣ። አማቴ ከጎረቤት ነው አሉ። ጎረቤት ዓሣ የሚጠብስ አልነበረም። ኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ያለ ፕላስቲክ ከልክ በላይ ሲግል ብዙ ጊዜ የሚሸተው እንደዚያ ነው። እኔ ደግሞ በሥራዬ ስንት ጊዜ አሽትቼዋለሁ። ዕጣኑ ሸፈነብኝ። ወጥቼ ሳጥኑን ስከፍት ስፒናው ሶኬቱ ላይ ተጣብቋል።

የካምፕ ሶኬት በየጊዜው እንግዳ ይሰካበታል፣ ይነቀልበታል፣ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል። ሞላው ይደክማል። ስትሰካ ጠበቅ ብሎ ካልገባ፣ ወይም በኬብሉ ክብደት ወደ ታች ካዘነበለ፣ ቦታ ቀይሩልኝ በል። ሶኬቱ ፊት ላይ ቡናማ ነገር ካየህማ አትሰካው። አንዴ የተቃጠለ ሞላ ጉልበቱን አጥቷል፤ ጤነኛ ስፒና ስትሰካበት የሱን በሽታ ታሲዘዋለህ። ያ ስፒና ደግሞ ነገ የሌላውን ካምፕ ሶኬት ያበላሻል። እንደ ጉንፋን ይዞራል።

ጥያቄ፦ የጠቆረውን እግር በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ብጠቀምበትስ?

ትንሽ ወይቦ ከሆነ በኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ ንክኪ ማጽጃ) እና በጨርቅ ጥረገው፣ ይበቃዋል። ብርጭቆ ወረቀት ላዩ ላይ ያለውን ሽፋን ይልጠዋል፣ ከዚያ ቶሎ ይዝጋል። ከጠቆረ፣ ከተቦረቦረ ወይም ፕላስቲኩ ከለሰለሰ ግን ስፒናውን ቆርጦ መቀየር ነው። ስትቀይር ሽቦውን ጥቁረቱ እስኪያልቅና መዳቡ ቀይ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ወደ ኋላ ቁረጠው። ብሎኖቹን ፋብሪካው በጻፈው ልክ አጥብቅ፤ "በቃ ጠብቋል" በሚል ግምት አይደለም። አዲስ ስፒና የሚቃጠለው ባብዛኛው በላላ ብሎን ነው።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ የወንድሜ ቤት ደጅ ላይ እናቆማለን። ሶኬቱ ተራ የቤት ነው፤ አስማሚ ገዝቻለሁ። ኤሲ ማብራት እችላለሁ?

ባትሪ ለመሙላት፣ ለፍሪጅና ለአምፖል ይሆናል። ለኤሲ ግን አልመክርሽም። አስማሚው የስፒናውን ቅርጽ ይቀይራል እንጂ ሶኬቱን 30 አያደርገውም። ከኋላው ያለው የ15 ወይም የ20 አምፒር መስመር ነው፣ ጋራዡ ውስጥ ካለ ሌላ ዕቃ ጋር የሚጋራው። ያየኋቸው የቀለጡ አስማሚዎች ከሞላ ጎደል በዚህ መንገድ የሄዱ ናቸው።

የግድ ኤክስቴንሽን ካስፈለገ ወፍራሙን ይዘሽ፣ ሙሉ በሙሉ ዘርግተሽው። ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ቤቴ ላይ የ30 አምፒር ሶኬት ላስገጥም ነው። የምጠነቀቀው ነገር አለ?

አለ፣ ትልቅ ነገር። የሞተርሆም 30 አምፒር ሶኬት 120 ቮልት ነው። የልብስ ማድረቂያው 30 አምፒር ደግሞ 240። መልካቸው ይቀራረባል። ሞተርሆም የማያውቅ ኤሌክትሪሺያን "30 አምፒር" ስትለው በልምድ 240 ያገባልሃል። ስትሰካው ማይክሮዌቭ፣ ቴሌቪዥን፣ ኤሲ ባንድ አፍታ ይሄዳሉ። ሰውዬውን "120 ቮልት፣ ለሞተርሆም" በለው። ሽቦው መዳብ ሆኖ በአሜሪካ ልክ 10 ቁጥር ይሁን። ከመሰካትህ በፊት በቴስተር ለካ። ለካ ስልህ ሁለቴ ለካ።

ጥያቄ፦ ሁሌ የሚሞቅብኝ ሳጥኑ ላይ ያለው የኬብሉ ጫፍ ሳይሆን ሞተርሆሙ ጋ ያለው ነው።

ዞሮ የሚቆለፍ ዓይነት ከሆነ ብዙ ሰው እስከ መጨረሻው አያዞረውም። በከፊል ገብቶም መብራት ስለሚሰጥ አይታወቅም። እስኪቆም አዙረህ ቀለበቱን አጥብቀው። ከዚያም በኋላ ከሞቀ የግድግዳው ማስገቢያ ከኋላው ብሎኑ ላልቶ ይሆናል፤ መብራቱን ሳጥኑ ላይ ነቅለህ ለባለሙያ አሳየው።

ሰው የሚረሳው ሦስተኛ ቦታ አለ። ጄኔሬተር ያለው ሞተርሆም መብራቱን ከሳጥን ወደ ጄኔሬተር የሚያቀያይር መሣሪያ አለው፣ ብዙ ጊዜ አልጋ ስር ወይም ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ። መኪናው በሄደ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ብሎን ይላላል። ማንም አያየውም፣ ከላዩ ደግሞ ብርድ ልብስ ተከምሯል። በዓመት አንዴ ባለሙያ ያጥብቀው። ከመከፈቱ በፊት ኬብሉ መነቀል፣ ጄኔሬተሩም፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተርም መጥፋት አለባቸው። አንዱን ረስተው እጃቸውን የሚከቱ አሉ።

ጥያቄ፦ ሞተርሆሙን ከተበላሸ መብራት የሚጠብቅ መከላከያ መሣሪያ ልግዛ? ውድ ነው።

ግዛ። ግን የሚሠራውን እወቅ። ደህናው ዓይነት ኒውትራል (የመብራቱ መመለሻ ሽቦ) መቋረጡን፣ መስመር መገለባበጡን፣ ቮልቴጅ መውረዱን ያያል፤ ብዙዎቹ ከ104 ቮልት በታች ሲሆን ይቆርጣሉ። ይሄ ለኤሲህ ነፍስ ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ የኤሲው ሞተር ብዙ አምፒር ይስባል፣ ስፒናውም አብሮ ይግላል። ባለ 50 ሳጥን ላይ የኒውትራሉ እግር ተቃጥሎ ከተቋረጠ ደግሞ አንዱ መስመር ከ120 በጣም ይወጣል፣ ሌላው ይወድቃል፣ ዕቃ ያልቃል። ያንን ይይዝልሃል። የስፒናን ሙቀት የሚለካው ግን የተወሰነው ሞዴል ብቻ ነው። ሌላው እንደ ብሬከሩ ነው፣ አያይም።

ጥያቄ፦ ስሰካና ስነቅል ቅደም ተከተሉ?

መጀመሪያ የሳጥኑ ብሬከር ይውረድ፣ ከዚያ ስካ፣ ከዚያ አብራ። ስትነቅል ውስጥ ያለውን ኤሲ አጥፋ፣ ብሬከሩን አውርድ፣ ከዚያ ንቀል። ጭነት ላይ እያለ ሲነቀል የምታያት ብልጭታ እግሩን ትበላዋለች። ነገ የሚግለው ያ የተበላው ነው።

ጥያቄ (አሁን ከካምፕ)፦ ጋሼ፣ ይሄን እያነበብኩ ሄጄ ነካሁት። ስፒናው እጅ አያስይዝም። ኤሲው እየሠራ ነው። ምን ላድርግ?

ኤሲውን ከውስጥ አጥፋ። አሁን። ቀጥሎ በደረቅ እጅ የሳጥኑን ብሬከር አውርድ። ስፒናውን እንዳትጎትት፣ ይብረድ፣ የለሰለሰ ፕላስቲክ ተነቅሎ ሽቦ ሊያስቀርብህ ይችላል። ጭስ ካለ ራቅ በልና 911 ደውል፣ ውሃ እንዳታፈስበት። ጭስ ከሌለ ቢሮው ሄደህ ሌላ ቦታ ጠይቅ። ሲበርድ እግሮቹን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

(ከ50 ደቂቃ በኋላ)፦ ቦታ ቀየሩልን። እግሮቹ ላይ ጥቁረት የለም፣ ትንሽ ወይበዋል፣ በጨርቅ ጠርጌያቸዋለሁ። ፎቶው ይኸው። አዲሱ ሶኬት ጠበቅ ብሎ ነው የያዘው። ኤሲ ከፍተናል፣ ስፒናው ለብ ብሏል።

ፎቶውን አየሁት፣ ተርፈሃል። ለብ ማለት ደህና ነው። ማይክሮዌቩን ለዛሬ ተወው፣ አምፒሩ ይቀንስልህ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግመህ ንካው፣ በእጅህ ጀርባ፣ ፕላስቲኩን ብቻ። ከመተኛትህ በፊትም አንዴ።